መዓለም ዛይድ ያላደረበት ማማ

ቱዳ አልጋ ስታነጥፍ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ነገር መጻፍ ባላስፈለገኝ! አንሶላውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ትበትነዋለች፤ አየር ላይ ትንሽ ይቆይና አንዲት ሽብሽብ ሳይኖርበት ፍራሹ ላይ ያርፋል። ትራሱን ደብደብ ታደርገዋለች፣ የብርጭቆውን ውሃ ትቀይራለች፣ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ሰው የገዛ በቅሎውን አንገት እንደሚመታው።

«ምን አለሽ?» እላታለሁ።

«ደህና ነኝ አለ።»

ቀልድ አይደለም። ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ የሚጠይቃት ስለ እንግዶቹ ሳይሆን ስለ ግድግዳው ነው።

ሁለታችንም የምንሠራበት ቤት ቲግሚ ኡፈላ ይባላል፤ የላይኛው ቤት እንደ ማለት። እሷ መኝታ ክፍል፣ እኔ ወጥ ቤት። ሞሮኮ ውስጥ፣ ከዳደስ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ከለውዝና ከሮማን ዛፎቹ በላይ የቆመ ባለ አራት ማማ የጭቃ ግንብ ነው። ድሮ የሸለቆው ገዥ ኖረበት፤ ኋላ ፍየል አደረበት፤ ዛሬ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አንድ ሌሊት ለማደር የእኔን የወር ደሞዝ የሚያህል ድርሃም ይከፍሉበታል። ይክፈሉ! ሲነጋ ፊታቸው ፈክቶ ለቁርስ ይወርዳሉ፤ «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም» የማይል የለም። እውነታቸውን ነው። የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ የውጭውን ድምፅ ደግሞ ውጭ ያስቀረዋል።

ከአራቱ ማማዎች የምዕራቡ ወድቆ ነበር፤ እንደ ደከመ ግመል ተንበርክኮ። እሱን ያነሣው የቱዳ ባል ዛይድ ነው። ግንበኛ ስለሆነ ሁላችንም መዓለም እንለዋለን፤ አህያው እንኳ መናገር ቢችል በዚህ ስም የሚጠራው ይመስለኛል። እርጥቡን አፈር በሁለት ሳንቃ መሐል እያስገባ፣ በመርገጫ እየደቀደቀ፣ ክንድ በክንድ ነው ያስነሣው። አፈሩን በቅርጫት የተሸከምነው እኛ ሴቶቹ ነን። አንገቴ ዛሬም ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በእኛ ሸለቆ የቤት ጣሪያ የሚዘጋበት ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ በግ ያርዳል። የመጀመሪያውን ሥጋ የሚቀምሰውም፣ የዚያን ሌሊት አዲሱ ጣሪያ ሥር የሚያድረውም ባለቤቱ ሳይሆን የሠራው ሰው ነው። የሠራው ካልደፈረ ማን ይደፍራል? እሱ ካንኮራፋ ሌላውም ያንኮራፋል።

የቤቱ ባለቤት እሜቴ ባቱል ናት፤ የገዥው የልጅ ልጅ። የማማው ጣሪያ በተዘጋ ቀን የመዓለምን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፣ አለቀሰች፣ ከደሞዙ በላይ ገንዘብ የያዘ ወፍራም ፖስታ ሰጠችው። ከዚያም መሽቶ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ማማው ላይ ወጡና አደሩ። በግ የለ፣ ግብዣ የለ። መዓለም ሳንቃውንና መርገጫውን አህያው ላይ ጭኖ ወረደ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ደጅ አልረገጠም።

ማንም ደፍሮ አልተናገረም። እኛ «የገዥ የልጅ ልጅ የአያቷን ሥርዓት አታውቅም አይባልም፤ ንቃው ነው» አልን። እሷ «ሰውየው ፖስታው በቅቶት ሄደ» አለች። እሱ ደግሞ «ለምኜ የበላሁት ሥጋ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» ብሎ ሚስቱን አስማላት፤ ትንፍሽ እንዳትል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ወደ እርሻው ሲሄድ በደጃችን ላለማለፍ ጠመዝማዛውን መንገድ ይይዛል። ማታ ማታ ግን፣ እኔም ጎረቤት ነኝና ስንቴ ሰምቻለሁ፤

«ሰሜኑ ጥግ ከዝናቡ በኋላ ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር አላወጣም?»

«አላወጣም። እንዲህ ከናፈቀህ ሄደህ አትስመውም?»

«ሻዩ ናና አነሰው» ይላል መዓለም፤ ሻዩን ገና ሳይቀምሰው።

ያለፈው ክረምት ላይ የመስኖው ጠርዝ ያደናቅፈው ጀመር። ራሱ የሠራው የበር መቃን ግንባሩን መታው። ቱዳ እየጎተተች ዋርዛዛት ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የሄደው የዓይን ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል ተባለ። ራሱ ሲናገር «በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው» ይላል። አንድን ነገር ሙሉውን ለማየት ራሱን ወዲህ ወዲያ ያደርጋል፣ የወደቀ ወይራ እንደሚለቅም ሰው።

ቱዳ ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። የምትይዘው ሥራ አጥታ የኔን ካሮት መላጥ ጀመረች።

«ከማማው መስኮት ጧት የሚታየውን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ» አለች። «እሱ ሠርቶት አንድ ቀን አላየውም። ዓይኑ ሳያየው ቢዘጋስ? ምን ብዬ እኖራለሁ?»

ካሮቱን ከነቢላው ተውኩላት።

መጀመሪያ በግልጽ ሞከረችው። «ለሠራተኛ ቅናሽ አለ፤ አንድ ቀን እንደ እንግዳ ገብተን እንደር።»

«በሠራሁት ቤት ከፍዬ ልደር? ንብ ማር ትገዛለች?»

ቀጥሎ በተንኮል። «ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል።»

«አያፈስም።»

«እኔ ራሴ ነኝ ባልዲ ያስቀመጥኩት!»

«ባልዲውን አንሺው። አያፈስም።»

ከዚያ ወዲያ የቱዳ ዘዴ አለቀ። በማግስቱ የማማው እንግዶች ሊገቡ ሰዓታት ሲቀራቸው፣ በሕይወቷ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች፤ አልጋውን ሳታነጥፍ ተወችው። እኔ የተምር ሳህን ይዤ ስወጣ አንሶላው እንደታጠፈ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሜቴ ባቱል በሩ ላይ ቆማ አገኘኋቸው።

«ቱዳ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም እሜቴ።»

«ታዲያ አልጋው?»

«እጄ እምቢ አለኝ። እዚህ መጀመሪያ ማደር የነበረበት ሰው ሳያድርበት፣ ስንቱን አሳደርኩበት!» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችው። በጉን፣ የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ጠመዝማዛውን መንገድ፣ ዓይኑን። መሐላዋንም ጭምር።

እሜቴ ባቱል ባዶው ፍራሽ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «የአያቴን ሥርዓት የማውቅ መስሏችሁ ነው? እኔ እኮ ካዛብላንካ ፎቅ ላይ ነው ያደግሁት! የኛ ጣሪያ የሌላ ሰው ወለል ነበር! ማን ጣሪያ ሲዘጋ አይቼ?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ፣ እሜቴ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም።»

«አገር ሙሉ!» አለችና የሚያስቃትና የሚያስለቅሳት አንድ ላይ መጣባት። ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠራረገች፤ ቱዳ አንሶላው እንዳይቆሽሽ ቀስ አድርጋ ከእጇ ወሰደችው።

«አሁን ሄጄ ብጠራው ይመጣል?»

«አይመጣም። ሚስቴ ለምናልኝ ነው ይላል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።»

እሜቴ ባቱል ቀና ብላ ጣሪያውን ታየው ጀመር፤ ወራጆቹን፣ በመሐላቸው እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደረውን ሸምበቆ።

«ጣሪያው ገና ያልተዘጋ ቢሆንስ?» አለች።

«ተዘግቷል እኮ» አልኳት እኔ ሞኟ።

«ይከፈታላ!»

ወዲያው በር ጠባቂያችንን አዲን ዶማ አስይዛ ጣሪያው ላይ አወጣችው። አዲ የመዓለም እኩያ ነው፤ ምላሱ ግን ከሁላችንም ታናሽ ነው።

«እሜቴ፣ መዓለም ይህን ቢያይ ቆዳዬን ይገፈዋል!»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩህ በለው።»

«እርስዎንማ አይገፍም፤ ለዚያ ነው እኔን የሚገፈው!»

ቢሆንም ቆፈረ። የኩስኩስ ገበታ የሚያህል ቀዳዳ ወጣ፤ ፀሐይ ዘው ብላ ከሁሉ ውዱ አልጋችን ላይ ተቀመጠች። እሜቴ ባቱል አቧራውን እንኳ ሳታራግፍ በእግሯ ወደ መዓለም ቤት ወረደች። እኔና ቱዳ ከኋላ። ሥራስ? ሥራውን ተዉት፤ ድስቱን ከእሳት አውርጄ ነበር።

መዓለም ደጁ ላይ ተቀምጦ የመቆፈሪያ እጀታ ይጠርብ ነበር። ድምጿን ሲሰማ ተነሣ፤ ጨዋ ነው።

«ደህና ዋልክ መዓለም? የምዕራቡ ማማ ጣሪያዬ ክፍት ነው። ትዘጋልኛለህ ብዬ መጣሁ።»

«ክፍት?» አለ መዓለም። «እኔ የዘጋሁት?»

«አዎ፣ ክፍት ነው። ሰማይ ይታያል።»

«ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በዶማ።»

ኧረ እንዴት ልንገራችሁ! ሰውየው እጀታውን ጥሎ፣ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን እየጎተተ፣ እኛን ሦስታችንን ወደ ኋላ ጥሎ ዳገቱን ወጣው። ጠመዝማዛው መንገድ ትዝም አላለው! መስኖው ሊያደናቅፈው ይችል ነበር፤ አላደናቀፈውም፤ እግሩ ከዓይኑ ይልቅ ያውቀዋል። ደጃችን ላይ አዲ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቆሟል።

«መዓለም! እግርህ ቤቱን አልረሳውም እንዴ?»

«ዝም በል! ጣሪያ ሲፈርስ አንተ በር ጠባቂው የት ነበርክ?»

«በር ላይ! ጣሪያ ላይ ቅጠሩኝ ብያለሁ?»

ደረጃውን ወጣ። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ የተቆረጠውን ሸምበቆ በጣቱ ዳሰሰው። «ዶማ!» አለ፤ ደግሞም «ዶማ!»። ቱዳ እዚያው ጣሪያው ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃና ጭድ በእግሯ ታቦካ ጀመር። የእንግዶቹ ሰዓት ደርሶ ነበርና ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን የመጡትን ባልና ሚስት እሜቴ ባቱል ወደ ምሥራቁ ማማ አዛወረቻቸው፤ ሚስትየው ግን ሻንጣዋን ጥላ አንድ ቅርጫት እርጥብ አፈር ተሸክማ ወጣች፤ ነጭ ሱሪዋን ነፍሱን ይማረው። መዓለም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው። ሸምበቆውን ደረደረ፣ ጭቃውን መረገ፣ በመዳፉ አስተካከለ። የመጨረሻዋን እፍኝ ሊያስቀምጥ ሲል ከታች ከደጃፉ በግ ጮኸ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ይህ በግ ምንድነው?»

«ጣሪያ ሲዘጋ የሚታረደው ነው» አለች እሜቴ ባቱል። «ሥርዓቱን አላውቅም ነበር፣ መዓለም። ዛሬ ነው የምዘጋው። የዛሬውን ሌሊት ሳታድርበት እኔም አላድርበት፣ ማንም አያድርበት።»

መዓለም ራሱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ቱዳን ፈለጋት። እሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ነበር። ፈልጎ አገኛት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ማልኩልህ፤ መሐላዬን በላሁት። ከፈለግህ ውረድና ሂድ፤ ዓይንህ ሳያየው ከሚቀር ግን ብትጣላኝ ይሻለኛል።»

እኔ እጁን አያለሁ፤ ጭቃው በጣቶቹ መሐል ይንጠባጠባል።

«ጭቃሽ ጭድ አንሶታል» አለ መዓለም። «ጨምሪበት።»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

በጉ ታረደ፤ መዓለም የመጀመሪያውን ሥጋ ቀመሰ፤ ለእሱ ያቀረብኩት ኩስኩስ ላይ ጨው አበዛሁበት፣ ግን ጠርጎ በላው። ሲመሽ ቱዳ አልጋውን አነጠፈችለትና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ልትወርድ ስትል፤

«ወዴት ነው? ብቻዬን ልተኛ? ጣሪያው ቢወድቅብኝስ?»

«አይወድቅም!»

«ካልወደቀ ምን አስፈራሽ? ነይ።»

የቀረውን በማግስቱ የነገረችኝ እሷ ናት። ፍራሹ ሲበዛ ለስልሶባት «ሰው በዚህ ላይ እንዴት ይተኛል?» ስትል ስትል እንቅልፍ ጣላት። እሱ ደግሞ ሲያንኮራፋ አዲ ደጃፉ ላይ ሆኖ እንደሰማው ይምላል፤ ያ ግድግዳ ድምፅ የማያስወጣ መሆኑን እያወቀ ይምላል።

ስትነቃ ጎኗ ባዶ ነው። መዓለም ብርድ ልብስ ተከናንቦ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ራሱ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል፤ ለውዙን፣ ወንዙን፣ የሰዉን ጣሪያ አንድ በአንድ እየለቀመ። ቀና ሲል ራሱ መወዛወዙን አቆመ።

«ቱዳ፣ ተነሺ እስቲ። እዚያ ተራራው ላይ ነጭ ነገር አለ። በረዶ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?»

አጠገቡ ሄዳ ትከሻው ላይ አገጯን አስደግፋ አየች። የምጉን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጥቶ ፀሐይዋ አርፋበታለች።

«በረዶ ነው» አለችው።

«በረዶ ነው» አለ እሱም፤ ብርድ ልብሱንም ከፍቶ እሷን ጨምሮ ሸፈናት።