ያለ ስም የቆመችው ገንቦ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰሞን ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ሰው በድሎኝ አይደለም። በደልማ ለምጄዋለሁ፤ ተሟግቼ ያሸነፍኩበትም ጊዜ አለ። ይህኛው የማይወጣልኝ በዳይዋ እኔው ስለሆንኩ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ቤት ተራ የሚሰርቅ፣ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያዛባ፣ የድሃ ወረቀት የሚያጉላላ ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ፍርድ ሲጓደል አይቼ ማለፍ አልችልም። ልጆቼ «ዳኛዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

የልጄ ልጅ ትዕግሥት አዲስ አበባ ሥዕል ትማራለች። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቷል ሲባል ለዕረፍት መጣች። አስተማሪዋ ሥራ ሰጥቷታል። በትውልድ አገሯ የሥዕልና የቅርጽ ሥራ ለሕዝብ ሊታይ የሚችልበት ቦታ የት እንዳለ፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሠሪዎችም እነማን እንደሆኑ አጥንታ መምጣት አለባት። የሦስት ሰው ሥራ ሰብስባ፣ እዚሁ ለሕዝብ አሳይታ፣ ስማቸውን ከነታሪካቸው ትጽፋለች። የተጻፈው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ በመጽሐፍ ይታተማል።

«ይሄማ ምን አላት፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

መጀመሪያ አዳራሽ ለመጠየቅ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወጣቱ ኃላፊ ስልኩን እየነካካ ሰማን።

«ኤግዚቢሽኑ የምርጥ ዘር ነው ወይስ የንግድ?»

«የሥዕል ነው» አለች ትዕግሥት።

ሳቀ። «እማማ ዘነቡ፣ ሠዓሊ ያለው እሷ ከመጣችበት ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለነው ገበሬና የመንግሥት ሠራተኛ ነን።»

«አንተ ከዚህ ወንበር ተነስተህ የማንን ቤት አይተህ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ አይቆጡ።»

«ገና አልተቆጣሁም። ስቆጣ አላየኸኝም።»

አዳራሹን አስከፈተልን። እስከ ጣሪያው ድረስ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሮበታል። ትዕግሥት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድን። ይህ ትምህርት ቤት ሲሠራ ድንጋይ በጀርባዬ አመላልሻለሁ፤ ለርዕሰ መምህሩም ይህንኑ አስታወስኩት። ከትምህርት ሰዓት ውጪ በገበያ ቀን አንድ ክፍል ሊሰጠን ተስማማ። ቦታው ተገኘ።

ሠሪዎቹን ፍለጋ ያዝን። ሐሰን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። የፀጉር ቤቱ በር ላይ የሣላት ሴት የትም ብትቆሙ ታያችኋለች። ትዕግሥት ሠዓሊ ብላ ስታናግረው አፈረ። «ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ዛሬ ገና ነው። ሚስቴ ትስማኝ፣ ልደውልላት!» አለና እውነትም ደወለላት። ሁለተኛው የሳይንስ መምህር ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን በእርሳስ ይሥላል። ሁለት ሞሉ። አንድ ቀረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስገባ ምስር የማስቀምጥበትን ገንቦ በር አጠገብ አውጥታ ዙሪያውን ታየዋለች። የገንቦው አንገት ላይ የተኛች በቅሎ ተሠርታበታለች። ጭነቷ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ አንድ ጆሮዋ ቀና፣ አንድ ጆሮዋ ወደቅ ብሏል።

«እምዬ፣ ይህንን የሠራው ማን ነው? ይሄ እኮ እቃ ብቻ አይደለም። ይቺ በቅሎ እልኸኛ ናት። ሠሪው አይቷታል።»

ሠሪዋን አውቃታለሁ። አለሚቱ ትባላለች፤ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሸክላ የገዛሁት ከእሷ ብቻ ነው።

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አልኳት። «የሸክላ ሠሪ ስም ማን ይይዛል!»

እንዲህ ነው ያልኩት። ለምን እንዳልኩት ሳላለባብስ ልጻፈው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይባላል። እቃውን እንገዛለን፤ ቤቱ ግን አንገባም፤ አንጋባም። ይህ ነገር ሐሰት ነው እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። ነገር ግን ትዕግሥት የሠሪውን ስም ስትጠይቀኝ ልጅቷን አየኋት። እንደዚያ ደምቃ፣ እንደዚያ ተደስታ። አለሚቱ ቤት ገብታ ስትቀመጥ፣ አለሚቱም ፊቷን እያየች «እንዴት ታምራለች» ስትላት ታየኝ። ሰው ሲፈራው ሐሰት ነው ያልኩትን፣ ለራሴ ልጅ ሲሆን አመንኩት።

ትዕግሥት ገንቦዋን ለሦስተኛነት ወሰደቻት። ምናልባት ሠሪው ራሱ አይቶ ይመጣል ብላ ነው። ካርቶን ቆርጣ በትልልቅ ፊደል «ገንቦ፤ ሠሪው ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ቀለሙን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

የገበያው ቀን ክፍሉ በሰው ሞላ። ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ ጎራ ይላል። አንድ ሽማግሌ የመምህሩን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «ዋጋው ስንት ነው?» አሉ።

«ለማየት ብቻ ነው አባቴ» አለች ትዕግሥት።

«ለማየት ከሆነማ የእኔም በሬ ውጭ ቆሟል፤ ኑ እዩት!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም እየሳቅኩ ሳለሁ ሰዉ ከበሩ ላይ ገለል ገለል ሲል አየሁ። አለሚቱ ነበረች። ገንቦሽ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች ብለው ገበያ ላይ ነግረዋት ነው የመጣችው። ሸክላ የምትጠቀልልበት ጭድ ነጠላዋ ላይ እንዳለ ነው።

ገንቦዋ ፊት ቆመች። አየቻትና ፈገግ አለች። ከዚያ ካርቶኑን ጣቷን እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ብዙ ሰው አለሚቱ ማንበብ እንደምትችል አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አብረን ነው የተማርነው። እሷን መሬት ላይ ለብቻዋ ሲያስቀምጧት ተሟግቼ አጠገቤ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ስናገር ኖሬያለሁ።

አንብባ ስትጨርስ ፈገግታዋ የለም።

«ልጄ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ሠሪው አይታወቅም ያለሽ ማን ነው?»

ትዕግሥት ወደ እኔ ዞረች። አለሚቱም ዞረች።

«ዘነቡ፣ ከማን ነበር የገዛሻት?»

ስንቱን ኃላፊ ያፋጠጥኩ ሴትዮ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ።

«ረሳሽው? ይቺ እኮ የባልሽ በቅሎ ናት፤ ገበያ መሐል ከነጭነቷ ተኝታ አልነሳም ያለቻችሁ። ሠርቼ ስሰጥሽ ሆድሽን ይዘሽ አልሳቅሽም? ባልሽን ጠርተሽ አላሳየሽውም?»

እውነቷን ነው። ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ትዕግሥት ብዕሯን አንስታ «እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አለች።

«ተይው የእኔ ልጅ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አሁን ብትጽፊው አለሚቱ ለምና አስጻፈች ነው የሚሉት። የሚያውቀኝ ሰው ከተወው፣ ይቅር።»

ካርቶኑን በፊቱ ደፋችው። የተረፋት ሸክላ ስለነበር ወደ ገበያዋ ተመለሰች።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ትዕግሥት «ለምን?» አለችኝ። ነገርኳት። «አንቺ? እምዬ፣ አንቺ?» አለች። ካርቶኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግሬ አለሚቱ ቤት ሄድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሄጄ አላውቅም። ጭቃ እያቦካች ነበር።

«አለሚቱ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት።

ቀና አላለችም። «ምን ፈርተሽ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም። «ለልጅቷ ፈርቼ ነው። ዓይን» አልኩ።

እጇ ጭቃው ላይ ቆመ። «ሌላው ሲለኝ ለምጄዋለሁ» አለች። «በአንቺ ግን እኮራ ነበር። ልጆቼ ሰው ጠላን ብለው ሲያለቅሱ ዘነቡ አለች እላቸው ነበር።» እንደገና ማቡካት ጀመረችና «በይ ሂጂ፣ ጭቃው ይደርቅብኛል» አለችኝ።

ትዕግሥት ከመመለሷ በፊት ሁለት ጊዜ ሄዳ ስሟን እንድትጽፍ ትፍቀድልኝ ብላ ለመነቻት። አለሚቱ እሷን በደንብ ተቀበለቻት፤ ንፍሮ አቀረበችላት፤ የሠራቻቸውን ሁሉ አሳየቻት። እኔ ቤት ሆኜ ልጅቷን እጠብቅ ነበር፤ ስትመለስ ደግሞ እንደ ሞኝ ግንባሯን እዳብስ ነበር። ትኩሳት አልነበራትም። ጤነኛ ነበረች። መጽሐፍ ላይ መግባቱን ግን አለሚቱ እንቢ አለች። ትዕግሥትም ያለ ፈቃዷ አልጽፍም ብላ በሁለት ሰው ብቻ አስረከበች። ሥራው ጎዶሎ ነው ተብሎ ነጥብ ተቀነሰባት። ይህንን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከእናቷ ነው የሰማሁት።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ሐሰን ገጹን ገልጦ ሱቅ ለሱቅ ሲያሳይ ዋለ። ደስ ብሎኛል፤ ይገባዋል። ከመካነ ሰላም ሠሪ የለም ላለው ለዚያ ወጣት ኃላፊም ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ግን እንደ ድሮው አንገቴን ቀና አድርጌ አልወጣሁም። ሁለት ስም ብቻ ያለበት መጽሐፍ ነው። ሦስተኛዋን የደበቅኳት እኔ ነኝ።

አለሚቱን ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ሰላም ትለኛለች፤ ዋጋዋን ትናገራለች፤ እንደማንኛዋም ገዢ ታስተናግደኛለች።

ትዕግሥት በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። ድሮ ማን ምን እንዳጠፋ፣ ከማን ጋር እንደተሟገትኩ ስነግራት «በርቺ እምዬ፣ እንዳትለቂያቸው!» ትለኝ ነበር። አሁንም እነግራታለሁ፤ ልማድ አይለቅም። እሷ ግን እስክጨርስ ትሰማኛለች። ከዚያ «ጤናሽስ ደህና ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች።