ችቦ የገባበት የጣሊያን ቤት

ቢያዝን ቤት ሲከድን ማየት፣ እናንተዬ፣ ያኔ ቀረ! አምበር ዙሪያ ከነበረው ጎጆ ግማሹን የከደነው እሱ ነው። ጣራው ላይ ሆኖ ሣሩን እየደረደረ ሲያንጎራጉር፣ ከታች ያለው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያዳምጠው ነበር። አሁንማ ቆርቆሮ መትተው "ቤት ሠራን" ይላሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አያሰማማም፤ እቴ!

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በዓመቱ ቢያዝን ሽታዬን አጨ። አባቷ አቶ ታረቀኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጄ የምትገባው ባሏ በገዛ እጁ በከደነው ቤት ነው። ለጥምቀት ካልደረሰ ሌላ ጠያቂ አለ።" ቢያዝን ሳቀ። ለእሱ ይሄ ምኑ ነው? ግን ግድግዳውን አቁሞ ሣር ሲጠብቅ ጣሊያን አፈሰውና ደብረ ማርቆስ ላይ መጋዘን ሲያሠራው ከረመ።

መጋዘኑ ለመስቀል አለቀ። ቢያዝን ደግሞ ያልተባረከ ቤት አይሆንለትም፤ የጠላት ቢሆንም በእጁ የሠራው ነው። ማለዳ ደመራው ሲለኮስ፣ እንዳገሩ ወግ፣ ችቦውን ይዞ ገባ፤ መቃኑን ግራና ቀኝ ሊነካ፣ አራቱን ማዕዘን ሊዞር። ጣሊያኖቹ በዋዜማው ሬንጅና ቤንዚን በበርሜል እንዳስገቡ ማን ነግሮት? አንዱ በርሜል ያንጠባጥብ ነበር። የሸተተውንም የቀለም ነው ብሎ አለፈው። እሳቱ ከመሬት ዘሎ ያዘው።

የሥራ ጓደኛው ፈንታ ጋቢውን ጥሎበት አንከባለለው። ጣሊያኖቹ "የአርበኛ ሥራ ነው" ብለው ሳይደርሱበትም በበቅሎ ጭኖ አምበር አስገባው። ነፍሱ ተረፈች። እጆቹ ግን በማር ታሽተው ሲሽሩ ጣቶቹ ተጣብቀው ቀሩ።

ሣሩ ደርሶ ታጨደ። ጎረቤቱ "እኛ እንክደንልህ" ቢለው እንቢ አለ።

"በገዛ እጁ ነው የተባለው። ዋሽቼ ሚስት አላገባም።"

አፈረ፤ ከሰው ተደበቀ፤ ሽታዬን አጣኋት ብሎ ቁርጡን አወቀ።

ከገና በኋላ አንድ ጧት ኮሽታ ሰምቶ ቢወጣ፣ ሽታዬ ካልተከደነው ቤት አናት ላይ ናት! ያውም ሳትዳር፣ ያውም ሴት! መንደሩ አፉን ይዞ ቆሟል።

"ምን ያፈዝሃል?" አለችው። "ከየት ልጀምር? አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልደርድር። እጅህ እኔ ነኝ።"

ቢያዝን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰም "ከዳር ጀምሪ፤ አጥብቀሽ ጠቅጥቂው" አላት።

አቶ ታረቀኝ ወሬውን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ወደ ላይ ልጃቸውን፣ ወደ ታች የቢያዝንን እጆች አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ጣሉና ሣር ያቀብሏት ጀመር።