ከነልጣጩ ብላው አሉኝ

ታላቅ ወንድሜ መሬቴን ወሰደብኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ገሳይ ከተማ አጠገብ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ድንች የሚያበቅል ጥቁር አፈር ነበረኝ። «ለምርጥ ዘር ድንች ምዝገባ ነው፣ ፈርምበት» ብሎ ወረቀት አቀረበልኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ተጫንኩ። ለካ መሬቱን ወድጄ ለእሱ የሰጠሁበት ወረቀት ኖሯል። ቀበሌ ሄጄ ብጮኽ «ጣትህ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ጣቴ ነው! ምን ልበል?

ድንች በሚነቀልበት ሰሞን፣ በማለዳ፣ በአይሱዙ ላይ፣ የሰው ድንች በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ መተማ ወረድኩ። እናቴ በረመጥ የበሰለ ድንች በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ወረታ ሳልደርስ ጨረስኩት። ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አልጽፍም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ባይሰማው ይሻለዋል።

ጀርመን ስደተኛ የሚያኖሩበትን ቤት «ሃይም» ይሉታል። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፣ በአርባ ዓመቴ፤ ያስቆጠረኝም አልጋ ጎረቤቴ የነበረ ዲያቆን ነው። ድንቹ በየመደብሩ እንደ ሙሽራ ታጥቦ ተደርድሯል። እኔም ጠዋት ማታ በዘይት ጠበስኩት። ወፈርኩ። ዶክተሯ ደሜን አይታ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ፦

«ስኳር ሊጀምርህ ነው። ምን ትበላለህ?»

«ድንች።»

«ችግሩ ዘይቱ ነው። በኦቨን ጋግረህ ከነልጣጩ ብላው። ግን ልክ ይኑርህ፤ ሁለት ይበቃሃል፣ ጎመንና ባቄላ ጨምርበት።»

«ልጣጭ? በእኛ አገር እኮ የላም ነው!»

«እንግዲያው ላሞቻችሁ ካንተ ይልቅ ጤነኛ ናቸው።»

አስተርጓሚው ሳቀ። እኔ አገር ቤት የተውኳትን ላሜን አስታወስኩ።

መጋገር ማለት ለእኔ በረመጥ መቅበር ነው። ከግቢው የሥጋ መጥበሻ አመድ አፍሼ የኦቨኑን ትሪ ሞላሁና ድንቹን ቀበርኩት። ለካ ፍም ቀርቶበታል፤ ቤቱ ጨሰ፣ የእሳት ደወሉ ጮኸ። የቤቱ ጠባቂ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እያለከለኩ መጡ።

«ምን ቀብረህ ነው?»

«ራቴን» አልኩ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

«አመድ ውስጥ?»

«ታዲያ የት ልቅበረው?»

ሰደቡኝ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው አስተማሩኝ። በብሩሽ እጠበው፣ ድርቅ አድርገህ ጥረገው፣ በሹካ ወጋ ወጋ አድርገው። መዳፍህን ዘይት አስነክተህ ብትቀባው ይበቃል፤ ጨው ነስንስበት። ኦቨኑ ሁለት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ፍርግርጉ ላይ አስቀምጠው። በፎይል ከጠቀለልከው ይቀቀልብሃል። አንድ ሰዓት ታገስ።

ልጣጩ ተንኮሻኮሸ፣ ውስጡ እንደ በሶ ተፈረፈረ። ጾም ስለነበር የሰጡኝን ቅቤ መለስኩላቸው፣ በሚጥሚጣ በላሁት። ጣፈጠኝ፤ ዋሽቼ አልጽፍም። ሳልተወው ስቀጥል ደሜም ተስተካከለ። ግን ጭስ ጭስ አይልም። የጉና ብርድ ጀርባህን እየጋረፈህ ፊትህን እሳት ሲሞቀው የሚበላው ነገር በኦቨን አይወጣም። እሳት ከበው «ተው፣ እሱ የኔ ነው» እያሉ የሚሻሙህ ሰዎችስ? ብቻህን ስትበላ ትልቁን የሚነጥቅህ የለም።

ስምንት ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ ያ ታላቅ ወንድሜ፣ አያ አዲሱ፣ ደወለ።

«የነፍስ አባቴ የወንድምህን መሬት ሳትመልስ አላቆርብህም አሉኝ። ሽማግሌ ፊት ቆሜ መልሻለሁ። የመሬት ደብተሩ በስምህ ዞሯል። ና ተረከብ።»

«እንዴት ልምጣ አያ? አገር ቤት ከገባሁ እዚህ ያገኘሁት የመኖሪያ ወረቀት ይሰረዛል።»

«እንግዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ድንች ትከልበት። ምርቱን እናታችን ትብላው።»

እኔው ደግሜ ጠራሁት።

«አያ? ተቋረጠ እንዴ?»

«ባሕር ዛፍ ተክዬበት ነበር» አለ። «ከቤቱ ጣራ በልጧል። ቢቆረጥም ጉቶው አለ፣ አፈሩንም መጥጦታል። ድንች... እንጃ።»

«አንድ ጥግ እንኳ አላስቀረህም?»

«አላስቀረሁም።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ስልኩን ነጥቃው ኖሮ «ልጄ፣ እህል ትበላለህ?» አለችኝ።

«እበላለሁ እምዬ።»

መሬቱ በሽማግሌ ፊት ወደ እኔ የተመለሰው ባለፈው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።