ከዳዊቱ ማኅደር የወጣች ሲዲ

ኮምፒውተር ጠጋኙ የሺዋስ ሽማግሌውን ከበራፉ ላይ ሲያይ ድካሙ ባሰበት። በዚህ ሳምንት ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። የቤታቸውን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልለው የማርቆስን ዳገት ተሸክመውት ይወጣሉ፤ ጥምጥማቸው ግን ዝንፍ አይልም። ወንበር ሲያቀርብላቸው «ማኅሌት ቆሞ ያደረ ለዚህ አይደክመውም» ይሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

የግእዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ያለባት ሲዲ የምትወጣው ከዳዊታቸው ማኅደር ነው። እንደ ዳዊቱም ፊቷንና ጀርባዋን ስመው በሁለት እጃቸው ያቀብሉታል። ፕሮግራሙ እኩሌታው ድረስ ይጫናል፤ ከዚያ ማሽኑ ያቃስትና ሲዲዋን ማንበብ አልቻልኩም ይላል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ።

ዛሬ የሺዋስ ሲዲዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበላት። በሚያብረቀርቀው ፊቷ ላይ የከንፈር ወዝ ተለጥፏል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐሏ ወደ ዳር ዳር ጠርጎ ወደ ማሽኑ መለሳት፤ ፕሮግራሙም ሳያንገራግር እስከ መጨረሻው ገባ።

«አባቴ፣ ያስቸገረን የእርስዎ መሳም ነው» አለ ሲዲዋን ከማሽኑ አውጥቶ እየሰጣቸው። «ከእንግዲህ አይሳሟት። ደግሞም ተጭኗል፣ ሲዲዋ አታስፈልግዎትም።»

ሽማግሌው ሲዲዋን ተቀብለው ገለበጧት። ጀርባዋ ላይ በእስክሪብቶ «አባባ፣ ቅኔዎን ይጻፉበት» የሚል የልጅ እግር ጽሕፈት አለ።

«ልጄ ካረፈች ወዲህ ከእጇ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው» አሉ ወደ ማኅደሩ እየመለሷት። «ታዲያ ምኗን ልሳም?»