ጋሽ ተክሌ የተሸከሙት ድንጋይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው፣ ክርስቶስ በመካከል ገብቶ በደላችንን እንደ ተሸከመልን ሲያስተምር አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የነበሩት የምጸልይ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በፊት እዚሁ ሸዋ ሮቢት በሠራሁት ሥራ አፍሬ ነው።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ስለነበር ራሴን እንደ ጥሩ ክርስቲያን እቆጥር ነበር። ማሳችንን የምናጠጣው ከሮቢ ወንዝ በተራ ነው። አርብ የጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ ተራ ነበር። ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ ውሃቸውን የሚጠብቅ ሰው አያቆሙም፤ በሶላት ሰዓት የሰው ቦይ የሚነካ የለማ። እኔ ነካሁት። የእኛ ሽንኩርት ጠውልጎ ስለነበር ውሃውን ወደ ማሳችን ጠለፍኩት።

ሲመለሱ ቦያቸው ደርቆ ጠበቃቸው። የሚቀጥለው ተራቸው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። የዓመት ተስፋቸው ያ ገና የተተከለ ችግኝ ነበር፤ በዚያ የቆላ ፀሐይ ሳምንት አልደረሰም።

የክርስትና አባቴ ጋሽ ተክሌ ከማንጎ ዛፋቸው ሥር ሆነው አይተውኛል። ሄደህ ንገራቸው ቢሉኝ እሺ አልኩ። ተጠርጥሬ ሽማግሌዎች ፊት ስቀርብ ግን የጋሽ ሰይድን ወንዶች ልጆች ዓይን አይቼ ፈራሁና በአንገቴ መስቀል ምዬ ካድኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ተክሌ ከወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ ጫኑና፣ ከኋላዬ ና አሉኝ። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ፤ ሁለቴም ልቀበላቸው አልኩና እጄን ሰበሰብኩ። ሰው ያየኛል ብዬ።

የጋሽ ሰይድ በር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ሰይድ፣ በደሉ ከእኔ ቤት ነው የወጣው። ልጄ ነው፤ እኔን ያዘኝ።»

ጋሽ ሰይድ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱላቸው። ከጋሽ ተክሌ ጀርባ የተደበቅኩትን እኔን ለአፍታ አዩኝ።

«ወላሂ፣ እሱን ባይ አልምረውም። እኔ የማየው አንቱን ነው፤ ለአንቱ ስል ትቼዋለሁ።»

እኔ ከተደበቅኩበት አልወጣሁም። እንዲያውም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ እሑድ ሕፃናቱን ሰብስቤ ስለ ክርስቶስ አስታራቂነት አስተማርኩ።

ጋሽ ተክሌ ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። በስብከቱ ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ለሶላት እግራቸውን ይታጠባሉ። ያን ውሃ የጠለፍኩት እኔ ነኝ፣ በመስቀልም ምዬ ዋሽቻለሁ አልኳቸው።

«ያን ዕለትም አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ተክሌ በዚህ በር ከገቡ ወዲህ ግን አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ?»

ከዚያ እግራቸውን ወዳሳረፉበት ድንጋይ ጠቆሙኝ። ያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ጎንበስ ብዬ ላነሳው ሞከርኩ። ጋሽ ተክሌ ያኔ ዛሬ እኔ ባለሁበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከጉልበቴ በላይ አልወጣልኝም።