የማይሰማው ሙዚቀኛና አባቴ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ በረንዳ ባለው የራሳቸው ወፍጮ ቤት ሠርተው ጆሯቸውን ለወፍጮው ጩኸት ገበሩ። እኛ ግን ከጮኽንላቸው ይሰማሉ ብለን ነበር የምናምነው። ስንጮኽ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በቃ፣ ተግባባን ማለት ነው። ወገባቸውን ታመው ቤት ከዋሉ በኋላም እንደዚያው ነበርን።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ ፊልም መጣ። የድሮ ዘመን ፈረንጆች ናቸው፤ ቋንቋቸውን አላውቀውም። ከሥር ዓረብኛ ይጻፋል። አባቴ በልጅነታቸው ቁርአን ስለቀሩ ፊደሉን ያውቁታል፤ ጽሑፉን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ትርጉሙን ግን ከሦስት ቃል አንዱን ቢያውቁ ነው። ባለታሪኩ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ ነው። ፒያኖውን ይደበድባል፣ ሠራተኛዋን ይቆጣል፣ ደግሞ ብቻውን ይስቃል። ትልቅ የሙዚቃ ደራሲ መሆኑና ሞቱ መቃረቡ የገባኝ ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

"ምን ሆኖ ነው የሚቆጣው?" ትላለች እናቴ።

እኔ ምን አውቄ!

ከዚያ አንድ እንግዳ ገባና በመናገር ፈንታ ደብተር ላይ ጻፈለት። ሽማግሌው አነበበና በአፉ መለሰ።

አባቴ ማንበባቸውን አቆሙ። "ይሄ ሰውዬ አይሰማም እንዴ?"

እንደማይሰማ በእጄ አሳየኋቸው።

"ታዲያ እናንተ ለምን አትጽፉልኝም?"

ከእናቴ ጋር ተያየን። "እሺ ሲለን አልነበር እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ደብተር አነሳሁ። የመጣልኝን ጻፍኩ፦ "አባባ፣ ወፍጮ ቤቱን እናከራየው ስንልዎት ሰምተው ነበር?"

መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት። "ተከራየ? ምሳ ይቅረብ ያላችሁኝ መስሎኝ እኮ ነው የነቀነቅኩት! ሲሻለኝ ልመለስ ነበር።"

እናቴ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ማናችንም አላየንም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወሰድኳቸው። ተከራዩ ነገሩን ስነግረው ደነገጠ፤ በሩ አጠገብ ወንበር አደረገላቸው። አሁን በየቀኑ ይሄዳሉ። የተፈጨውን በጣታቸው እያሹ፣ ካልላመ "ይደገም" ይላሉ።

ማታ ማታ በደብተር እናወራለን። አንድ ቀን "ተቀይመውናል?" ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡት፣ ገጹን ገለጡት፣ ባዶውን ገጽ ወደ እኔ አዞሩት። ሌላ ነገር ጻፊ ማለታቸው ይሁን፣ መልስ የለኝም ማለታቸው፣ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።