ያልማልኩበት መሬት

የእህቴ ልጅ የፕላስቲክ የውሃ ታንከር የሚያመርት ፋብሪካ ሊተክል ከዱባይ ሲመጣ፣ ሀርጌሳ ውስጥ ስለ ፋብሪካ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬም የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ሶማሌ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው፤ የወጣሁት የጥገና ኃላፊ ሆኜ ነው። በመካከሉ ያስተማረኝ ሰው የለም። ማንበብን እንኳ የለመድኩት ከማሽን ማኑዋል ላይ ነው። ባለ ዲግሪዎቹ መጽሐፍ ሲያገላብጡ እኔ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ለጥፌ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ እነግራቸው ነበር።

እንዲህ ያለ አጎት ያለው ልጅ መሬት ሲመርጥ ማንን መጠየቅ አለበት?

መጀመሪያ ጠየቀኝ፤ አልዋሽም። “አብቲ፣ ቦታውን አንተ ፈልግልኝ” አለኝ። በእኛ በሶማሌዎች የእናት ወንድምና የእህት ልጅ እርስ በርሳቸው አብቲ ይባባላሉ። እሱም እናቱም ድሬ ያደጉ ስለሆኑ፣ እኛው ለእኛው ስንሆን የምናወራው በአማርኛ ነው። እህቴ ለዚህ ፋብሪካ ብላ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የነበራትን ቤት ከነሱቆቹ ሸጣለች። ባሏ ትቶላት የሞተው እሱን ብቻ ነበር። ፋብሪካው ከወደቀ እድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ተከራይታ መኖሯ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዝኩትም።

ሌላ ሰው ቦታ ሲመርጥ መሬቱን ያያል። እኔ ያየሁት መንገዱን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወደ ወጃሌ ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት አለች። ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ማታ እነሳ ነበር። ከኢትዮጵያ ጫትና ሽንኩርት ጭነው የሚመጡት መኪኖች ሲመለሱ ባዷቸውን ናቸው። አንዱን ሾፌር፣ የሐረር ልጅ ነው፣ ጠርቼ ሻይ ጋበዝኩት።

“ስትመለስ ምን ትጭናለህ?”

“አየር” አለኝ። “አየር ጭኜ ነው የምመለሰው፣ ፋዘር።”

“የውሃ ታንከር ብሰጥህስ?”

“እሱም ያው አየር ነው” ብሎ ሳቀ። “ግን የሚከፈልበት አየር ነው፤ አምጣው።”

እውነቱን ነው። ታንከር ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ ትልቁ የጭነት መኪና ጥቂት ጭኖ ይሞላል። ፋብሪካውን ባዶ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ካልተከልከው ትርፉን የመኪና ኪራይ ይበላዋል። ሁለተኛው ነገር ነፋሱ ነው። በሐጋው፣ ዝናብ ጠፍቶ አቧራ በሚነሳባቸው ወራት፣ ሀርጌሳ ላይ የሚነፍሰውን የማያውቅ የለም። ታንከሩ የሚጋገረው የፕላስቲክ ዱቄት በብረት ቅርጽ ውስጥ በጋዝ እሳት እየቀለጠ ነው፤ ነፋስ ከገባበት አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኖ ይወጣል። ከሻይ ቤቷ ጀርባ ያለው መሬት ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ኮረብታ አለው። የጉድጓድ ውሃም ቅርብ ነው። ባለቤቱ የግመል ነጋዴ ሽማግሌ ነው፤ ሊሸጠው ተስማማ። ይህን ሁሉ ያለ አማካሪ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ብቻዬን ጨረስኩት።

ከዚያ የልጁ የአባት ወንድም ገባበት። ይህ ሰው አየር ማረፊያው አካባቢ ሰፊ ገላጣ ሜዳ አለው። “የራሳችን ሰው መሬት እያለ ባዕድ መሬት ላይ ፋብሪካ ይተከላል? ነገ ክርክር ቢነሳ ማን ይቆምልሃል?” አለው። ይህች ጥያቄ እዚህ አገር ስንት ሥራ ገድላለች። ሰው ፋብሪካውን መንገድና ውሃ ያለበትን ትቶ ዘመድ ያለበት ይተክላል። ከዚያ ዘመዱ መጥቶ አንዱን ልጄን ዘበኛ፣ ሌላውን ገንዘብ ያዥ አድርግልኝ ይላል። ዘበኛው ይተኛል፤ እንዳታባርረው ዘመድ ነው።

እህቴ በተከራየችው ቤት አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ተሰበሰብን። እኔ መንገዱን፣ ነፋሱን፣ ውሃውን ተራ በተራ አስረዳሁ። የአባት ወንድምየው እስክጨርስ ሻዩን ሲያማስል ቆየ።

“አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ” አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። “የግመል ነጋዴው ለዚህ ሰውዬ ምን ቃል ገባለት?”

“ምን ማለትህ ነው?” አልኩት።

“ምንም። ሀርጌሳ ውስጥ በነፃ መሬት የሚያሳይ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው።”

ደላላ ማለቱ ነው። እኔን። እርግጥ በዚህ ከተማ ስለ መሬት አፉን የሚከፍት ሁሉ ኮሚሽን አለው፤ ሻይ የምታፈላውም፣ ታክሲ የሚነዳውም። እኔ ግን እነሱን አይደለሁም። ልጁ ይናገርልኛል ብዬ ዞር ብዬ አየሁት። ምንጣፉን ያያል።

“አብቲ፣ ነገሩ ቀላል ነው” አለኝ ቀና ሳይል። “ማልና እንገላገል።”

የአባት ወንድምየው ተነስቶ ከመደርደሪያው ላይ ቁርኣኑን አወረደ። ሀርጌሳ ውስጥ ወላሂ ለቲማቲምም ይባላል፤ ለመሬት ግን ቁርኣን ላይ እጅ ይጫናል።

“አልምልም።”

“ከሌለህበት ምን ገደደህ?”

“ከሌለሁበት ለምን እምላለሁ?”

እህቴ እጄን ያዘች። “ወንድሜ፣ ለእኔ ስትል። አንድ ቃል ናት።”

“በዚህ እድሜዬ ቃሌ በመሐላ ካልተደገፈ የማይቆም ከሆነ፣ ቀድሞም ቃል አልነበረኝም” አልኩና ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ከኋላዬ የአባት ወንድምየው “አያችሁ?” ሲል ሰማሁት።

ፋብሪካው አየር ማረፊያው አጠገብ ተተከለ። እኔ ደጁን አልረገጥኩም፤ ወሬው ግን ቤቴ ድረስ ይመጣ ነበር። ታንከር የጫነ መኪና ከተማውን አቋርጦ ሲወጣ የመብራት ሽቦ እየነካ፣ አንድ ሰው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሽቦውን በእንጨት ያነሳል አሉ። በዚያ ባዶ መኪና ስለማያልፍ ኪራይ የሚከፍሉት ለመሄጃም ለመመለሻም ነው አሉ። አንድ ጎናቸው ስስ የሆኑ ታንከሮች እየተሰነጠቁ ይመለሳሉ አሉ። እያንዳንዱን አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ።

ሐጋው በገባ ጊዜ እህቴ ደወለች። “ና” ብላ ዘጋችው።

ስደርስ ሜዳው ላይ ታንከሮቹ ይንከባለላሉ። ነፋሱ እንደ ኳስ እየገፋቸው ወደ አየር ማረፊያው አጥር ይሄዳሉ፤ ከአጥሩ ወዲያ ጥበቃዎቹ ይጮሃሉ። ልጁ ገመድ ይዞ አንዱን ሲያባርር ሌላው ያመልጠዋል። የተቀጠሩት ዘመዶች ሼዱ ጥግ ተጠልለው ያያሉ። የአባት ወንድምየው በዚያ ቀን አልነበረም። እህቴ አንዱን ታንከር በጀርባዋ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳይሄድባት። ሻርፗ አሸዋ ሞልቶታል።

ኮቴን አወለቅሁ። ዘመዶቹን ሰድቤ አስነሳኋቸው። ብረት አስተከልኩ፤ ታንከሮቹን እርስ በርስ አሳሰርኩ። ያመለጡትን ከአጥሩ ሥር ለቅመን መለስን። ሥራው ሲያልቅ ከእህቴ ጋር አንዱን ታንከር ተከልለን ተቀመጥን።

“አሁን ከእኔ በቀር የሚሰማህ የለም” አለችኝ። “ያኔ ሰውዬው የሰጠህ ነገር ነበር?”

ቤቷን ሸጣ፣ ይህን ደግሞ በሆዷ ይዛ ነው የከረመችው። ታንከሩን በእርግጫ ብለው ደስ ባለኝ።

“ወላሂ ከሻይ በቀር የቀመስኩለት ነገር የለም” አልኳት። “ሻዩንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።”

“አመንኩህ” አለች። ወዲያው ነው ያለችው፤ አልተከራከረችም፣ ፊቴን እንኳ አላጤነችም።

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ቁርኣን በሌለበት፣ ሽማግሌ በሌለበት፣ ግማሹን ነፋስ በወሰደው ቃል ካመነችኝ፣ ያኔ እጄን ይዛ ስትለምነኝ ያላመነችኝ ለምንድን ነው? ልጁም መጥቶ “አብቲ፣ ያ መሬት አሁንም አለ?” አለኝ። የለም። ሳሙና የሚሠራ ሰው ገዝቶታል፤ በእነዚያ በሚመለሱ መኪኖች እየጫነ ይልካል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ።

አሁን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የድንጋይ ግንብ እያሠራሁ ነው። የመጋገሪያውንም አፍ አዙሬዋለሁ፤ ታንከሮቹ ዙሪያቸውን እኩል ሆነው መውጣት ጀምረዋል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ይምጣ። የመኪናውን ኪራይ ግን ግንብ አያስቀረውም፤ የእህቴ ቤትም በዚህ ዓመት አይመለስም።

የአባት ወንድምየው ትናንት መጣ። ግንቡን ዞሮ አየና ልጁን “ሰውዬው ድንጋዩን የገዛው ከማን ነው?” ብሎ ጠየቀው። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ሲባጎ ወጥሬ ድንጋይ ሳስተካክል እየሰማሁ ነው። ልጁ በዚህኛው ጊዜ ቀና አለ።

“ከቆምክ አይቀር” አለው፣ “ሲባጎውን ያዝለት።”

ያዘ። አጣሞ ነው የያዘው።